ከቅጥር እስከ ስንብት፦ በጎጃም ለሚቀጥርም ለሚቀጠርም ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ደጀን፤ የትኛውም ከተማ ብትሄዱ ብዙው ቅጥር የሚያልቀው በቃል ነው። "የእገሌ ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት" ይባላል። ዋስ ይጠራል። ደመወዙ በአፍ ይነገራል። በማግስቱ ሥራ ይጀመራል። በመተማመን መጀመሩ መልካም ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ አንዱ "እንዲህ ነበር የተባባልነው" ሲል ሌላው "ኧረ በጭራሽ" ያለ ዕለት ነው።

ሕጉ ደግሞ በዚህ መሀል ተለውጧል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀድሞውን 377/1996 ተክቷል። በ2014 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268 ወጣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መጣና ከደመወዝ የሚቆረጠውን ግብር ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ቀየረው። ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ግን ዛሬም በድሮው ልማድ ነው የሚሠሩት። አሠሪው ሳያውቅ ይቀጣል፤ ሠራተኛው ሳያውቅ መብቱ ያልፈዋል።

እኔ እስካየሁት ድረስ አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ከክፋት አይደለም። ወረቀት ስለሌለና ቀን ስላልተጻፈ ነው። ስለዚህ ከታች ባለው ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገር ደጋግሜ እላለሁ፦ ጻፉት፤ ቀን አድርጉበት።

1. መጀመሪያ አዋጁ እናንተን ይመለከት እንደሆነ እዩ

ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ እንጨት ሥራ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ የዘይት ፋብሪካ፤ እነዚህ ሁሉ በ1156 ሥር ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና ሠራተኛ የመቅጠር የማባረር ሥልጣን ያለው የሥራ መሪም በዚህ አዋጅ አይዳኝም። ሰው ቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የተቀጠረች ሠራተኛ ጉዳይ ለብቻው በደንብ እንዲታይ ነው አዋጁ የተወው። በደቦና በወንፈል የሚሠራ የእርሻ ሥራ ቅጥር አይደለም፤ ወደዚህ አይመጣም።

ዕድሜንም እዚሁ ላይ አጣሩ። ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ በድሮው ሕግ 14 ነበር፤ አሁን 15 ሆኗል። ከ15 እስከ 18 ያለ ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ትርፍ ሰዓት አይታዘዝም፤ ሌሊትም አይሠራም። ከገጠር መጥቶ ሻይ ቤት የገባ ልጅ ካላችሁ ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት።

2. ውሉን ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ በ15 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ስጡ

የቃል ውል በሕግ ፊት ውል ነው። ወረቀት የለም ተብሎ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። ጠበቃ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ይበቃል፦

"የአሠሪው ስምና አድራሻ። የሠራተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። የሥራው ዓይነት፦ አስተናጋጅ። የሥራው ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም። የተጀመረበት ቀን። የውሉ ዘመን፦ ላልተወሰነ ጊዜ። የወር ደመወዝ፦ 6,240 ብር፤ አከፋፈሉ በየወሩ መጨረሻ በባንክ። የሥራ ሰዓት። የሳምንት ዕረፍት። የሁለቱ ፊርማ።"

በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ከሠራተኛው ጋር ይቅር።

ለሠራተኛ ከባዱ ነገር መጠየቁ ነው። "እትዬ፣ ወረቀት ይጻፍልኝ" ስትል "ምነው ልጄ፣ እኔን አታምኚኝም?" የሚል መልስ ይመጣል። ያኔ መከራከር አያስፈልግም። "አምናለሁ እትዬ፤ ለባንክና ለጡረታ ይጠይቁኛል" ማለት በቂ ነው። ሐሰትም አይደለም፤ በእርግጥ ያስፈልጋታል።

አንድ ከባድ ነጥብ እዚህ አለ። "እሱ እኮ የቀን ሠራተኛ ነው" የሚለው አነጋገር ብዙ አሠሪዎችን ችግር ላይ ጥሏል። ሕጉ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። የተወሰነ ሥራን ለመጨረስ፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሰው ለመተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ጫና ሲመጣ፣ በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ወቅት ብቻ ለሚደረግ ሥራ፣ ወዘተ. ማለት ነው። በርበሬ ሲደርስ ለአንድ ወር ተኩል ለቃሚ መቅጠር የወቅት ሥራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጆንያ ሲያወርድና ሲጭን የኖረ ሰው ግን ሒሳቡን በየቀኑ ስለተቀበለ ብቻ "የቀን" አይሆንም። አራት ዓመት ከሠራ የአራት ዓመት ሠራተኛ ነው።

3. የሙከራ ጊዜ

በድሮው ሕግ 45 ቀን ነበር። አሁን እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ይሆናል። የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። ካልተጻፈ የሙከራ ጊዜ የለም። በሙከራ ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው አይሆንም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይቻላል። እሱም ሳያስጠነቅቅ መሄድ ይችላል። "ሙከራ ላይ ነህ" ብሎ ደመወዝ አለመክፈል ግን ፈጽሞ አይቻልም። ቀድሞ ሠርቶ የወጣን ሰው ወደዚያው ሥራ መልሳችሁ ብትቀጥሩት እንደገና ሙከራ አይባልም።

4. ደመወዝና ቁርጥ፦ አዲሱን ሰንጠረዥ ተጠቀሙ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሥራ። ብዙ ስህተት ያየሁት እዚህ ነው።

በአዲሱ ሰንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። አቋራጩ ስሌት ጠቅላላውን በመጨረሻው እርከን መቶኛ አባዝቶ ተቀናሹን መቀነስ ነው። ተቀናሾቹ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር ናቸው።

የአስተናጋጇን 6,240 ብር እንውሰድ። 6,240 በ20 በመቶ 1,248 ይሆናል። 500 ሲቀነስ ግብሩ 748 ብር ነው። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛዋ 7 በመቶ ነው፦ 436 ብር ከ80 ሳንቲም። እጇ የሚገባው 5,055 ብር ከ20 ሳንቲም። አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ፣ ማለትም 686 ብር ከ40 ሳንቲም፣ ለጡረታ ይጨምራል። ይህ 11 በመቶ ከሠራተኛዋ ደመወዝ አይነካም።

በድሮው ሰንጠረዥ ቢሆን ግብሯ 995 ብር ነበር። ልዩነቱ በወር 247 ብር ነው። ስለዚህ ሠራተኞች፣ የሐምሌ 2017ንና ከዚያ በኋላ ያለውን የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡና አስሉ። አሁንም በድሮው እየተቆረጠ ከሆነ ሒሳብ ሹሙን በጨዋ ቋንቋ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ኤክሴሉ ሳይቀየር ቀርቶ ነው። አንድ ነገር ግን አታምታቱ፦ 2,000 ብር ከግብር ነፃ የሆነ መጠን እንጂ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አይደለም። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም 1156 ደንግጓል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጡረታውን ደግሞ ተከታተሉ። መቆረጡ ብቻ አይበቃም፤ ገቢ መደረግ አለበት። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ። ከደመወዝ የተቆረጠ ግን ያልገባ መዋጮ የሚታወቀው ሰው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። ያኔ ማስረጃ ፍለጋ መንከራተት በጣም ያሳዝናል።

ስለ ሌላው ቁርጥም ልበል። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሒሳብ ጎደለ፣ እንግዳ ሳይከፍል ሄደ ተብሎ ከደመወዝ መቁረጥ በሆቴልና በካፌ የተለመደ ነው። በሕጉ ግን አሠሪ እንደፈለገ አይቆርጥም። የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

5. ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓትና በዓል

መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ዕረፍቱ በመርሕ ደረጃ እሑድ ነው። ሆቴልና ጤና ተቋም የመሳሰሉት ግን ሥራቸው ስለሚያስገድድ ሌላ ቀን መስጠት ይችላሉ።

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከቀድሞው ከፍ ብሏል፦

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ይባዛል፤ ድሮ 1.25 ነበር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፤ ድሮ 1.5 ነበር። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2። በሕዝብ በዓል በ2.5።

የሰዓቱን ደመወዝ ለማግኘት በብዙ ቦታ የሚሠራበት ስሌት ወሩን ለ26 ቀን፣ ቀኑን ለ8 ሰዓት ማካፈል ነው። 6,240 ለ26 ሲካፈል 240፣ ለ8 ሲካፈል 30 ብር በሰዓት። ስለዚህ አስተናጋጇ ሰርግ ገብቶ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ሁለት ሰዓት ብትጨምር 90 ብር አላት። ከ4 ሰዓት በኋላ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት 52 ብር ከ50 ነው። ትርፍ ሰዓቱም ግብር ስለሚነካው ጠቅላላው ላይ ተደምሮ ይሰላል። ጡረታው ግን ከመደበኛ ደመወዙ ብቻ ነው የሚቆረጠው።

የበዓል ክፍያ ሁለት መልክ አለው። ጥምቀት ዕለት መደበኛ ፈረቃዋን የሠራች ሠራተኛ ሰዓቷ በእጥፍ ይታሰባል። ከፈረቃው በላይ የተጨመረው ነው በ2.5 የሚባዛው። ብዙዎች ሁለቱን ያቀላቅላሉ።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በወር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ይከበራል። ብዙ ሠራተኛ፣ በተለይ ከገጠር የመጣው፣ በእነዚህ ቀናት ሥራ መያዝ ይከብደዋል። እነዚህ ግን በሕግ የሕዝብ በዓላት አይደሉም። ሠራተኛው ቢቀር ያለፈቃድ መቅረት ሊባል ይችላል፤ ቢሠራም እጥፍ አይከፈለውም። ስለዚህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። "በ21 አንገባም፣ በምትኩ እንዲህ እናካክሳለን" ከተባባላችሁ ውሉ ላይ ወይም የሥራ ደንቡ ላይ ጻፉት። የሰውን እምነት ማክበርና ሥራውን ማስኬድ አብረው ይሄዳሉ፤ ቀድሞ ከተነገረ ማለቴ ነው።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ አንድ የመቆጣጠሪያ ደብተር ነው። ቀን፣ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ፊርማ። አምስት መስመር። ሠራተኛም በበኩሉ በስልኩ ወይም በኪስ ደብተሩ ይመዝግብ። ከወራት በኋላ "በጣም ብዙ ትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ" ከማለትና "የካቲት 3፣ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ተኩል" ከማለት የትኛው እንደሚያሳምን ግልጽ ነው።

6. ፈቃድ

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። ሥራ ላይ እያለ በገንዘብ መለወጥ አይቻልም። ውሉ ሲቋረጥ ግን ያልተወሰደው በብር ይከፈላል።

ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሠልስት ድረስ ያደርሳል። ሚስቱ የወለደችለት አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው። ይህ በ1156 አዲስ የገባ ነው፤ ብዙ አባቶች መኖሩንም አያውቁም። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ሆኗል፤ የድኅረ ወሊዱ ድሮ 60 ነበር። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ በዚህ ምክንያት ማሰናበት አይቻልም።

ሕመም ሲሆን የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ሠራተኛው በማግስቱ ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማምጣት አለበት።

ጉዳቱ በሥራ ላይ ከደረሰ ግን ሌላ ነው። መጋዝ ጣቱን የቆረጠው፣ ጆንያ ወገቡን የጎዳው ሰው የሕክምና ወጪው በአሠሪው ነው። ለጊዜው መሥራት ካልቻለ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ ስድስት ወር 50 በመቶ ይከፈለዋል። አደጋው በደረሰበት ዕለት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደሆነና ማን እንዳየ ጻፉ።

7. መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ

ይህን ክፍል በተለይ ለእኛ አካባቢ ነው የምጽፈው። ባለፉት ዓመታት መንገድ መዘጋት፣ ኔትዎርክ መቋረጥና የጥሬ ዕቃ እጥረት ያልነካው ድርጅት ጥቂት ነው።

ሁለት ሁኔታዎችን ለዩ። አንደኛው አጭር መቋረጥ ነው። ሠራተኛው በሰዓቱ ገብቶ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ መብራት ቢጠፋ ወይም ዕቃ ባይደርስ ጥፋቱ የእሱ ስላልሆነ ደመወዙ ይከፈለዋል። "ዛሬ ወፍጮው አልዞረም" ተብሎ ቀኑ አይቆረጥም።

ሁለተኛው ረጅሙ ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ድርጅቱ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት በሙሉ ወይም በከፊል ሲቆም፣ ወይም አሠሪው ባላጠፋው የገንዘብ ችግር ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራ ሲቋረጥ፣ ከሥራ ውሉ የሚመነጩ ግዴታዎች ለጊዜው ሊታገዱ ይችላሉ። ይህ ማለት ሠራተኛው አይሠራም፣ ደመወዝም አይታሰብም፣ ውሉ ግን አለ። አሠሪው ምክንያቱ በደረሰ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በአካባቢው ላለው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ጽሕፈት ቤቱም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይወስናል፤ መልስ ካልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል። እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ሥራው የማይጀመር ከሆነ ሠራተኛው ተገቢውን ክፍያ አግኝቶ ይሰናበታል።

በተግባር የማየው ግን ሌላ ነው። በሩ ይዘጋል፤ "ሲከፈት እንደውላለን" ይባላል፤ ከዚያ ዝም። ይህ ሁለቱንም ይጎዳል። አሠሪው ያሳወቀበት ወረቀት ስለሌለው ደመወዝ ሊጠየቅ ይችላል። ሠራተኛው ታግዶ ይሁን ተሰናብቶ አያውቅም፤ የክስ ጊዜው እየነጎደበት ይቀመጣል። አንዲት ገጽ ደብዳቤ ሁለቱንም ታድናለች።

መንገድ ተዘግቶ የዘገየን ሠራተኛ በተመለከተ፣ መዘግየት የሚያስቀጣው በቂ ምክንያት ከሌለ ነው። ሠራተኛው የዚያኑ ዕለት በስልክ ወይም በቴሌግራም ያሳውቅ፤ መልእክቱንም አያጥፋው። አሠሪው ደግሞ ደብተሩ ላይ ምክንያቱን ጎን ላይ ያስፍር።

8. ማስጠንቀቂያና ስንብት

"ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ" ስንብት አይደለም። ስንብት በጽሑፍ ነው፤ ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ይገለጻል።

ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት የሚያስችሉት ጥፋቶች በአንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል። ሁለቱን ብቻ ላንሳ፤ ዘወትር የሚያጋጥሙት እነሱ ናቸው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ማርፈድ፣ እና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረት። "በጽሑፍ" የምትለዋን አስምሩባት። መቶ ጊዜ በቃል ብትቆጡት ፍርድ ቤት ሲደርስ ባዶ ነው። ማስጠንቀቂያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ጥር 4፣ ጥር 9 እና ጥር 15 ከሥራ መግቢያ ሰዓት 1፡00 በቅደም ተከተል 40፣ 25 እና 50 ደቂቃ ዘግይተው ገብተዋል። ምክንያትዎን ጠይቀን በቂ ማስረጃ አላቀረቡም። እንዲያስተካክሉ እናስጠነቅቃለን።"

ቀን፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ሠራተኛው አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክሮች "ሲሰጠው አይተናል" ብለው ይፈርሙ። ሠራተኛ ሆናችሁ ከተቀበላችሁ ደግሞ "ደርሶኛል" ብላችሁ ፈርሙ፤ የማትስማሙበት ካለ እዚያው ስር በአጭሩ ጻፉ። መፈረም ጥፋትን ማመን አይደለም።

አሠሪው ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልወሰነ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አይችልም። ቂም ይዞ ለዓመት መቆየት በሕግ አይሠራም።

በማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ቀድሞ ጊዜ በመስጠት፣ የሚደረግ ስንብት ከሆነ ደግሞ የጊዜው ልክ ይኸው፦ ሙከራ ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር። ሠራተኛው በራሱ ሲለቅ 30 ቀን ቀድሞ ያሳውቃል።

እርግዝና፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የማኅበር አባልነት፣ አሠሪውን መክሰስ ወይም ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት መሆን አይችሉም። ወሲባዊ ትንኮሳም በ1156 በግልጽ ተተርጉሞ ተከልክሏል። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው የተተነኮሰች ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቃ የስንብት ክፍያና ካሳ መጠየቅ ትችላለች። "ሆቴል ቤት ያለ ነው" እየተባለ የሚታለፈው ነገር ሕግ የሚያውቀው ጥፋት ነው። ሳትዘገዪ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ ቀኑንና ቃሉን ጻፊ።

9. ሒሳብ መዝጋት

ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሠራተኛው የሚገባው ሁሉ ይከፈለዋል። አሠሪው ያለ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል።

የስንብት ክፍያ ለሁሉም አይደለም። ለምሳሌ ከሕግ ውጭ ለተሰናበተ፣ ድርጅቱ ለዘለቄታው ለተዘጋበት፣ በሠራተኛ ቅነሳ ለወጣ ይከፈላል። አምስት ዓመት ያገለገለና የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ቢለቅም ይከፈለዋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ስሌቱን በመጋዘን ጫኙ እንየው። የቀን ደመወዙ 300 ብር፣ አገልግሎቱ አራት ዓመት። ለመጀመሪያው ዓመት 30 ሲባዛ በ300፣ 9,000 ብር። ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ 3,000፤ በድምሩ 9,000። ጠቅላላ 18,000 ብር። መጋዘኑ ለዘለቄታው ተዘግቶ ከሆነ ወይም በሕግ በታወቀ ቅነሳ ከወጣ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ሌላ 18,000 ብር፣ ይጨመርለታል። የስንብት ክፍያው ራሱ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ በነፃ ይሰጣል፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይገልጻል። መያዣ ማድረግ አይቻልም። ሠራተኛም ንብረት መልሶ የመረከቢያ ወረቀት ይያዝ። "ከአሁን በኋላ ምንም አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ ብሩን ሳትቆጥሩና ስሌቱን ሳታዩ አትፈርሙ።

10. ካልተስማማችሁ፦ ቀን ቁጠሩ

መጀመሪያ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርም። ቀጥሎ ወደ ወረዳው ወይም ከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ አለ፤ ሁለቱን ጠርቶ ያነጋግራል። ብዙ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። የሰፈር ሽማግሌ ቢገባም ክፉ አይደለም፤ የተስማማችሁበትን ግን በወረቀት አድርጉት።

ሽምግልናው እየተራዘመ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። "ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር" ይባላል፣ ከዚያ "ከመኸር በኋላ"። በአንቀጽ 163 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር። ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያም በ6 ወር። ለጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ይርጋውን፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደቡን፣ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ስለዚህ አቤቱታችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ የተቀበሉበት ቀንና ማኅተም ይኑርበት።

ክሱ ለወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው የሚቀርበው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ውሉን ወይም ደብዳቤውን፣ የባንክ መግለጫውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የሰዓት ደብተሩን፣ የተጻጻፋችሁትን መልእክት ይዛችሁ ሂዱ። ምንም ወረቀት ከሌለ አብረው የሠሩ ምስክሮች ይቆጠሩ። አሠሪም የራሱን ፋይል ያቅርብ፤ የክፍያ መዝገብ መያዝ የእሱ ግዴታ ስለሆነ "ጠፍቶብኛል" ማለቱ አይጠቅመውም። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለስ ሊያዝ ይችላል፤ ካልተመለሰም ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜው ደመወዝ አለ።

ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን ይግባኙን በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ የውሳኔውን ግልባጭ ቶሎ ጠይቁ።